አባቴ የቀየረው ጎሚኒ

እኔ ሰው የማላምን ሴት አይደለሁም፤ ሰው የሠራውን ሥራ ግን ሳልደግመው አላምንም። የትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ነኝ። መምህራኑ ያረሙትን የፈተና ወረቀት ቁጭ ብዬ እንደገና አርማለሁ። ከኋላዬ «ድጋሚ» ብለው እንደሚጠሩኝ አውቃለሁ፤ ስሙን ጠልቼው አላውቅም ነበር፤ እንዲያውም ትንሽ ያኮራኝ ነበር። አሁን ግን ሲያንሾካሹኩ በሰማሁ ቁጥር አባቴ ትዝ ይለኛል፤ ያን ጊዜ የምገባበት ይጠፋኛል።

መኪናዋ የተበላሸችው ቅዳሜ ጠዋት፣ ገና ከግቢ ሳትወጣ ነው። ሁለቱን ልጆቼን ከኋላ አሳፍሬ፣ ሞተር አስነስቼ፣ ማርሹን ከመቆሚያው ላውጣ ብዬ ዘንጉን ስስበው እጄ ላይ ቀለለኝ። ወዲያም ብለው ወዲህም ብለው ያለ ምንም ክብደት ይመላለሳል፤ መኪናዋ ግን ንቅንቅ የለም። አውቶማቲክ ናት፤ እኔ የማውቀው መርገጥና መሪ መያዝ ብቻ ነው። ልጆቹን አስወርጄ አባቴን ጠራሁት።

አባቴ ሠላሳ ዓመት መካኒክ ነበር። ጡረታ ከወጣ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ ደግሞ እጁ ይንቀጠቀጣል። ሻይ ስንቀዳለት ብርጭቆውን እስከ ግማሽ ብቻ ነው የምንሞላው። ለምን እንደሆነ ያውቃል፤ ነገሩን ግን አንስቶ አያውቅም።

ዘንጉን አንዴ ነካ አደረገና ሳቀ።

«ካምቢዮው፣ የማርሹ ሣጥን፣ ደህና ነው፤ አትደንግጪ። ከዚህ ዘንግ እስከ ካምቢዮው የሚሄድ ኬብል አለ። ጫፉን የምትይዘው ጎሚኒ፣ የጎማ ቀለበቷ፣ አልቃ ኬብሉ ከቦታው ወልቋል። አንቺ እዚህ ታዥያለሽ፣ እዚያ የሚሰማሽ የለም፤ ልክ እንደ አስተማሪዎችሽ።»

«ጋራዥ ልደውል?»

«ለዚች? ለዚች ጋራዥ ከጠራሽማ በቁሜ ቅበሪኝ።»

ራሱ በእግሩ መለዋወጫ ሱቅ ሄደና የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ጥቁር ቀለበት በላስቲክ አስጠቅልሎ መጣ። ቱታውን ለበሰ፤ ከስቶ ስለነበር ሰፍቶታል። የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስደገፈ፣ ኮፈኑን ከፍቶ የአየር ማጣሪያውን ሣጥን ፈታ። ከሥሩ የኬብሉ ጫፍ ወልቆ ተንጠልጥሏል፤ አሮጌዋ ጎሚኒ ፍርፋሪ ሆናለች። በካቻቢቴ ጫፍ ፍቆ አጸዳት። አዲሷን ደግሞ እናቴ ያፈላችው ውሃ ውስጥ ነከራት። «ስትሞቅ እሺ ትላለች» አለኝ፤ «በቀዝቃዛው ብትገፊያት ትሰነጠቃለች።»

እኔ ባትሪ እያበራሁለት ከአናቱ ቆሜያለሁ። ጎሚኒዋን ወደ ኬብሉ ዓይን ሲያስጠጋ እጁ ከዳውና ወደቀች። ከሞተሩ ሥር ለቅሞ አወጣት፤ እንደገና አሞቃት፤ እንደገና ወደቀች። ሦስተኛ ጊዜ ስትወድቅ አላስቻለኝም።

«አባዬ፣ እኔ ላግባት?»

«መብራቱን ያዢ» አለኝ።

አራተኛው ላይ ገባች። ኬብሉን ካምቢዮው ላይ ባለው ፒን ላይ አድርጎ ሲጫነው ቀጭ አለ፤ ሁለታችንም ሰማነው። ከዚያ የእናቴን የጥፍር ቀለም አስመጣ። ጋራዥ በነበረ ጊዜ የጨረሰው ሥራ ላይ ሁሉ ቀይ ነጥብ ያደርግ ነበር፤ ነጥብ ያለበት ሥራ አልቋል፣ ተጠያቂውም እሱ ነው ማለት ነው። ኬብሉ ጫፍ ላይ ነጥብ ሊያደርግ የሞከረው እጁ ሲንቀጠቀጥ ጠመዝማዛ መስመር ሆነ። እናቴ «ጥፍሬን እንዲህ ሳትቀባኝ ዕድሜዬ አለፈ፤ ተመስገን» አለች፤ ሦስታችንም ሳቅን።

ማርሾቹን አንድ በአንድ አስገብቶ ሞከረ፤ ሰፈሩን ሁለት ዙር ነዳ። ምሳ ላይ ያወራው በዓመት የሚያወራውን ያህል ነበር። ስለ ድሮ ደንበኞቹ፣ ቁልፍ ሞተር ውስጥ ረስቶ መኪና ስላስወጣው ጓደኛው፣ ስንቱን! እኔ እስቃለሁ፤ ልቤ ግን ሦስቴ የወደቀችው ጎሚኒ ጋ ነው።

እሑድ ስብሰለሰል ዋልኩ። ቤታችን ዳገት ላይ ነው። ኬብሉ እንደገና ቢወልቅስ? ዘንጉ መቆሚያው ላይ ሆኖ መኪናዋ ግን ሳትያዝ ብትቀርስ? ልጆቼ ውስጧ እያሉ ብትንሸራተትስ? ጆሮ ዳባ ልበስ ልል ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ሰኞ በማለዳ፣ አባቴ ሳይነሳ፣ ልጆቹን በእግር ትምህርት ቤት አድርሼ ተመለስኩና መኪናዋን ጋራዥ ወሰድኳት። አልነገርኩትም። ቅስሙ ይሰበራል፣ ለእሱ አስቤ ነው እያልኩ ለራሴ ደጋገምኩት። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ስነግረው ፊቱን ማየት ፈርቼ ነው።

የጋራዡ መካኒክ ረጋ ያለ ጎልማሳ ነው። ሣጥኑን አንስቶ ኬብሉን ወዘወዘ፤ ጎንበስ ብሎ ቀዩን መስመር አየ።

«እህቴ፣ ይቺን ማነው የሠራልዎት?»

«ሰፈር ያለ አንድ ሰው ነው» አልኩ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ እንዲህ አልኩ። የወለደኝን አባት፣ ሰፈር ያለ አንድ ሰው! ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

«እጁ ይባረክ» አለ መካኒኩ። «ንጹሕ ሥራ ነው፤ የሚነካ ነገር የለውም።»

እዚህ ላይ ሰው አመስግኖ መኪናውን አስነስቶ ይሄዳል። እኔ ግን እኔ ነኝ።

«ሰውዬው እጁ ይንቀጠቀጣል» አልኩት።

«የሱ እጅ ቢንቀጠቀጥ ጎሚኒዋ አትንቀጠቀጥም!»

«ቢሆንም አውጥተው በአዲስ ይቀይሩልኝ።»

ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ አወጣት። ፒኑንና የኬብሉን ጫፍ በቲነር ጠርጎ ሌላ አስገባ፤ ቀዩ መስመር ከጨርቁ ጋር ሄደ። ያወጣትን ጎሚኒ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። ዙሪያዋን አገላብጬ አየኋት፤ አንዲት እንከን የለባትም። በሩ አጠገብ ያለ የቆሻሻ በርሜል ውስጥ ጣልኳት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴት እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን ቀለል ብሎኝ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ሐሙስ ሐሙስ የመኪናዋን ዘይትና ውሃ የሚያየው አባቴ ነው። በዚያ ሐሙስ ከሥራ እንደተመለስኩ ኮፈኑን ሲከፍት በወጥ ቤቱ መስኮት አየሁት። የዘይቱን መለኪያ መዝዞ በጨርቅ ጠረገ፤ መለሰው። ከዚያ በማጣሪያው ሣጥን ጎን ባለው ክፍተት ጎንበስ ብሎ ቆየ። ጣቱን ሰዶ ቀዩ መስመር የነበረበትን ቦታ ነካ፤ ጣቱን አየው፤ እንደገና ነካ። ሁልጊዜ ኮፈኑን ጓ አድርጎ የሚዘጋው ሰው በሁለት እጁ ደግፎ ቀስ ብሎ ዘጋው።

ገብቶ እጁን ታጠበ።

«ጋራዥ ደርሰሽ ነበር እንዴ?» አለኝ፣ ዓይኑ ፎጣው ላይ ሆኖ።

«አዎ፣ ዘይት ላስቀይር ብዬ።»

መለኪያውን የጠረገበት ጨርቅ ከቱታው ኪስ ብቅ ብሏል። ላዩ ላይ ያለው ዘይት ጥቁር፣ ያረጀ መሆኑን እኔ እንኳ ለየሁት። መካኒክን በዘይት የዋሸሁ የመጀመሪያዋ ሰው ሳልሆን አልቀርም።

«ጥሩ አድርገሻል» አለ። ፎጣውን አጥፎ ሰቀለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ እጁን ሰበሰበ። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ማንጠባጠብ ሲጀምር «ባለሙያ አስመጡ» አለ። የመሣሪያ ሣጥኑ አልጋ ሥር ገባ። ሐሙስ መጣ፣ ሐሙስ ሄደ፤ ኮፈኑን የከፈተ የለም። ከንጋት ጀምሮ ግቢ ውስጥ ሲጎረጉር የሚውለው ሰው ፒጃማውን ሳያወልቅ እኩለ ቀን ይሆንበታል። እናቴ አንድ ቀን ለብቻዬ ይዛኝ «አንቺ፣ አባትሽን ምን አደረግሽው?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት።

«ምንም ሰውን እንዲህ አያደርግም» ብላ ጥላኝ ሄደች።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል፤ እኔ ግን ላፍሰው ተነሳሁ። ይቅርታ መጠየቅ የሚባለው አጭር መንገድ አልታየኝም። መምህር ነኝና የታየኝ የቤት ሥራ መስጠት ነው። አንድ እሑድ ጠዋት ካቻቢቴ አንስቼ የቁም ሣጥኑን በር የላይኞቹን ሁለት ብሎኖች አላላሁ። በሩ ዘመመ።

«አባዬ፣ ይሄ በር ሊወድቅ ነው፤ እስኪ እየው። ያለ አንተ አይሆንም» አልኩ። ድምፄ ከልኩ በላይ መለስለሱ ለራሴም ተሰማኝ።

መጣ። በሩን በአንድ እጁ ደገፈ፤ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ ብሎኖቹን ቀረብ ብሎ አየ። ካቻቢቴው እያዳለጠኝ የብሎኑን ራስ ፍቄው ነበርና ያብለጨልጫል።

«ይሄ አልላላም» አለ። «ተፈትቷል። የፈታው ሰውም ካቻቢቴ መያዝ አያውቅም።»

አንገቴን ደፋሁ።

«ልጄ፣ የውሸት ሥራ ስጪኝ ብዬሻለሁ?»

«አባዬ፣ የመኪናዋ ነገር...» ብዬ ጀመርኩና እንባዬ ቀደመኝ።

«የመኪናዋን ነገር አውቃለሁ። ልጆች የሚሳፈሩባት ናት፤ ማስፈተሽሽ ትክክል ነው። እኔ ጋራዥ በነበርኩ ጊዜ ፍሬንና ማርሽ ነክቼ ሌላ ሰው ሳያይልኝ መኪና አስወጥቼ አላውቅም። ያውም እጄ ደህና እያለ!» በሩን የደገፈውን እጁን አየው፤ በሩም አብሮት ይንቀጠቀጥ ነበር። «አሁንማ ይሄን እጅ ከማንም በላይ የማላምነው እኔው ነኝ። እሑድ ማታ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ጠዋት አብረን ሄደን እናሳያት ልልሽ ነበር። ስነሳ ሄደሻል።»

እንባዬን በእጅጌዬ ጠረግኩ።

«ብቻሽን ለምን ሄድሽ?»

ፊትህን ማየት ፈርቼ ነው ማለት ነበረብኝ፤ እኔ ግን የተፋቀውን ብሎን ማየት ያዝኩ። እሱም በሩን እጄ ላይ አስያዘኝና ወጣ።