ሁሉም የተስማማበት ዝምታ

የግፊት መለኪያው መርፌ ቀዩን መስመር አልፎ ቆሟል። ሥራ አስኪያጇ መስታወቱን በጣቷ መታ መታ አደረገችው፤ መርፌው አልተመለሰም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከጠዋት» አሉ የእንፋሎት ማፍያው፣ የቦይለሩ ጠባቂ። አባቷ የልብስ ማጠቢያውን ካቋቋሙበት ቀን አንስቶ ከዚህ እሳት ያልተለዩ፣ ከሰው ይልቅ ከብረት ጋር ማውጋት የሚቀናቸው ሽማግሌ ናቸው።

አባቷ ከድርጅቱ ጋር አንድ ደንብ አውርሰዋታል፦ ከስብሰባ ማንም አኩርፎ አይነሳም። ባለፈው ሰኞም ደንቡን ጠብቃለች። ሆስፒታሉ አንሶላዎቼ በሰዓታቸው ይድረሱልኝ አለ። አጣቢዎቹ ሥራ ከቆመ ጦማችንን ማደራችን ነው አሉ። ባለድርሻ ወንድሞቿ አዲስ ቦይለር ዘንድሮ አይታሰብም ብለው ድርቅ አሉ። ጎረቤቶች ደግሞ የእንፋሎት ማስተንፈሻው ፉጨት ሕፃናት አላስተኛ ብሏል ሲሉ አመለከቱ። እሷም ለሁሉም የሚበጅ መላ አገኘች፦ ሥራው ሳይቆም፣ ጥገናው ለሚቀጥለው ወር ተላልፎ፣ እንዳያፏጭ የማስተንፈሻው ብሎን ይጥበቅ። ሁሉም መረቋት። ሽማግሌው እሳት ላይ ስለነበሩ ለስብሰባው አልተጠሩም፤ ብሎኑን ያጠበቀው ከውጭ የመጣ መካኒክ ነው።

«ልጄ፣ ሁሉንም አስማምተሻል» አሏት አሁን፣ ላባቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ። «ይሄን ብረት ግን ማን ጠየቀው?»

ብሎኑን እንዲያላሉት ለመነቻቸው። አሁን ከተነካ ፊታቸው ላይ እንደሚፈነዳ ነገሯት። እሳቱን ማጥፋት ይቻላል፤ እንፋሎቱ ግን ቶሎ አይበርድም። ሴቶቹን አውጫቸው አሏት።

ማጠቢያ ክፍሉን ከቦይለሩ የሚለየው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። ሠላሳ ሴቶች እርጥብ አንሶላ እየጎተቱ ይሳሳቃሉ። ሥራ አስኪያጇ ሮጣ ገባችባቸው። ሥራ አቁመው እንዲወጡ ስትነግራቸው ተወካያቸው እጇን በሽርጧ እየጠረገች ቀረበች።

«እትዬ፣ ሥራው አይቆምም ብለን ተስማምተን አልነበር? አሁን ሳንመካከር እንዴት ይሆናል?»

በእጇ ወደ በሩ አመለከተቻቸው። ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ሊመካከሩ ማሽኖቹን አንድ በአንድ እየዘጉ ተሰበሰቡ። የሚጠጣው ማሽን ያጣው እንፋሎት በቧንቧው ውስጥ ያጉረመርም ጀመር። አንዷ አግዳሚ ወንበር ጎትታ አቀረበችላት።

«ውጡ» ብላ ጮኸች።

ስትጮኽ ሰምተዋት አያውቁም። ተያዩ። ወጣቷ አጣቢ ሳቋን መያዝ አቅቷት ፊቷን በጓደኛዋ ትከሻ ላይ ደበቀች።

ከግድግዳው ወዲያ መፍቻ ሲወድቅ ተሰማ፤ ከዚያም የሽማግሌው ኮቴ፣ ወደ ውጭው በር ሲሮጡ።