ግብሩን ያላሳወቀው የግብር ተሟጋች

ኤፕሪል 15 ቀን፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ በሚስ ኢሞጂን ፕሩዊት ቢሮ የነበሩት እነዚህ ናቸው። ራሳቸው ሚስ ኢሞጂን ከጠረጴዛቸው ኋላ፤ ግድግዳውን ይዘው በተደረደሩት ወንበሮች ላይ የዓመቱን የገቢ ግብር ማሳወቂያ ከፍለው ሊያስሞሏቸው የመጡ ባለጉዳዮች፤ ከእነሱም መካከል የዓሣ ማጥመጃ ሱቅ ያለው ነገረኛው ዶይል፤ በመጨረሻው ወንበር ላይ ደግሞ አንገቱን የደፋው የውኃ ፓምፕ ጠጋኙ ሆሊስ ታነር።

ሆሊስ አንገቱን የደፋው በካናቴራው ምክንያት ነው። ደረቱ ላይ በትልልቅ ፊደል «የገቢ ግብር ይቅር፣ ስንገዛ እንክፈል» ይላል።

ስድስት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ሲናገር ኖሯል። በቤተ ክርስቲያኑ የዓሣ ጥብስ ግብዣ ላይ፣ በኳስ ሜዳው በር፣ ሰው ፓምፕ ሊያስጠግን በጠራው ጓሮ ሳይቀር። መንግሥት ሰው ለፍቶ ያገኘውን መቁጠሩን ይተው፤ ሰው ሲገዛ ብቻ ከዋጋው ላይ ይውሰድ፤ ለቀለብ ከሚገዛው ላይ የሚወሰደው ደግሞ በየወሩ መጀመሪያ ለሁሉም ቤት ይመለስ ይላል። በየዓመቱ ኤፕሪል 15 ከፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ ቆሞ ይናገራል፤ የማሳወቂያው የመጨረሻ ቀን ስለሆነ ሰዉ የሚናደደው በዚያ ቀን ነውና። ዘንድሮም ለአሥራ አንድ ሰዓት ተቀጥሯል። ወሩን በሙሉ ድንኳን ሲለምን፣ ሰሌዳ ሲቀባ፣ ወረቀት ሲያባዛ ከረመ። የራሱን ማሳወቂያ አለማስገባቱ ትዝ ያለው የዚያን ዕለት ጠዋት ጢሙን ሲላጭ ነው።

ያስጨነቀው ቅጣቱ አይደለም፤ ዶይል ነው። ዶይል በየዓመቱ ከፊት ይቆምና «ለመሆኑ አንተስ የራስህን ከፍለሃል?» ብሎ ይጠይቀዋል። ሆሊስ «ከፍያለሁ» ይላል፤ ሰው ያጨበጭባል፤ ንግግሩ ይቀጥላል። ዘንድሮ ግን ወይ መዋሸት አለበት፣ ወይ የስድስት ዓመት ልፋቱ «ሰውየው ግብር መክፈል ስለማይወድ ነው» ተብሎ ሊቀር ነው። መዋሸት ደግሞ አይችልበትም፤ ጆሮው ይቀላል። ስለዚህ ከአሥራ አንድ በፊት መጨረስ ነበረበት። ወረፋው ግን ንቅንቅ አላለም።

ዶይል ገና ሲያየው ፊቱ በራ። ፖስታ ቤቱ ከመንገዱ ማዶ መሆኑን፣ መንገድ ጠፍቶት ከሆነ ሊያሳየው እንደሚችል ነገረው። ሚስ ኢሞጂን በመነጽራቸው አናት ተመለከቱና በቢሯቸው ቅስቀሳ እንደማይፈቀድ፣ ካናቴራውን ገልብጦ እንዲለብስ አዘዙት። ሆሊስ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ገልብጦት ወጣ። ነጭ ስለሆነ ፊደሎቹ በግልባጭ ወደ ውጭ ታዩ። ባለጉዳዮቹ ሥራ ፈተው ነበርና አንገታቸውን እያጣመሙ ማንበብ ጀመሩ። ያነበበ ይጠይቃል፤ ሆሊስም በሹክሹክታ ይመልሳል።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የትግል ጓደኛው ቨርና በሩን ከፍታ ገባች። ፖስታ ቤቱ ጋ ያሉት እሷ፣ ድንኳኑን ያዋሰው ሰውዬና የሰውዬው ውሻ ብቻ እንደሆኑ ልትነግረው ነበር የመጣችው። ወንበሮቹን አየች፤ ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙትንም አየች።

«ሰዉ ሁሉ እዚህ ነው እንዴ?» አለች። «እዚሁ ተናገራ።»

ሆሊስ ሚስ ኢሞጂንን በዓይኑ ለመናቸው። እሳቸውም ከሚጽፉት ቀና ሳይሉ አምስት ደቂቃ ፈቀዱ፤ ከዚያ በኋላ በመጥረጊያ እንደሚያስወጡት አስጠንቅቀው።

ተነሣ። አፉን ሳይከፍት ዶይል ቀደመው።

«ሆሊስ፣ ለመሆኑ አንተስ የራስህን ከፍለሃል?»

ሆሊስ ጫማውን አየ።

«አልከፈልኩም» አለ። «ማሳወቂያውንም አላስገባሁም። ግብሩ ይለወጥ እያልኩ ስዞር የራሴን ረሳሁት። ከአንተ ቀጥሎ ነው ተራዬ።»

መጀመሪያ የሳቀው ራሱ ዶይል ነው፤ ሲስቅ ወንበሩ አብሮት ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ቢሮው በሙሉ ተከተለ። የጫማ ሳጥን ሙሉ ደረሰኝ የታቀፈች አንዲት ሴት፣ ቀኑን እንዲህ አድምቆ የሚጠብቀው ሰው ከረሳው እሷ በምን ዕዳዋ እንደምታስታውስ ጠየቀችና ለሕጉ የድጋፍ ፊርማ የሚያሰባስብበትን ወረቀት እንዲሰጣት እጇን ዘረጋች። ወረቀቱ ከወንበር ወንበር ዞረ። ንግግሩን ማንም አልጠየቀውም።

ተራው ደርሶ ከጠረጴዛው ፊት ሲቀመጥ ግን የፊርማውን ወረቀት አጣጥፎ ጭኑ ላይ ሸሸገው። ስድስት ዓመት ያንን ወረቀት ወደዚህ ቢሮ ያላመጣው የሚቀጥለውን ጥያቄ ፈርቶ ነው።

«ያንተ ሕግ ሲጸድቅ እኔ ምን ልብላ ነው የምትለው?» አሉት ሚስ ኢሞጂን፣ ጣታቸው ከቁልፎቹ ላይ ሳይነሣ።

«ያን ጊዜ የሚያሳውቀው ሻጩ ነው፣ ሚስ ኢሞጂን። ሱቁ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ሣር አጫጁ . . .»

«ፓምፕ ጠጋኙስ?»

«ፓምፕ ጠጋኙም።»

«በዓመት ስንት ጊዜ?»

«በየወሩ ነው።»

ጣታቸው ቆመ። መነጽራቸውን አውልቀው በደንብ አዩት።

«በዓመት አንዷን ቀን የረሳኸው ልጅ፣ በየወሩ ልታሳውቅ ነው?»

«እንግዲህ እርስዎ አሉ ብዬ ነው።»

«ወረቀቱን ወዲህ በለው» አሉ ሚስ ኢሞጂን። «እንዲህ መሆኑን ስድስት ዓመት ማን ደብቅ አለህ?»

ፈረሙ፤ ስማቸውንም ከሥሩ በግልጽ ጻፉ። ዶይል ከበሩ ላይ፣ ይቺ ሚስ ኢሞጂን በየወሩ እያስከፈለች ከተማውን በሙሉ ልትበላ ነው ብሎ ወጣ።

የሆሊስ ማሳወቂያ ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ተላከ፤ መክፈል ቀርቶ፣ ለዝቅተኛ ገቢ በሚሰጠው ድጎማ ትንሽ ገንዘብ የሚመለስለት ሆኖ ተገኘ። ዶይል አልፈረመም። ሕጉ በዚያ ዓመት አልጸደቀም፤ በሚቀጥለው ዓመት ሆሊስ የራሱን በፌብሯሪ አስገባ፤ ኤፕሪል 15 ደግሞ ድንኳኑን በሚስ ኢሞጂን በር ላይ ተከለ።