የኦገስተስ እንቅልፍ

ባሌ ኦገስተስ ፔንፎልድ ፓርላማውን ከእኔ አስበልጦ ይወዳል። ቅናት እንዳይመስላችሁ፤ ለምጄዋለሁ። ማታ ሾርባው ፊት ተቀምጦ እገሌ እንዲህ አለ፣ እገሌ እንዲህ መለሰለት እያለ ሲያወጋኝ ፊቱ የልጅ ፊት ይሆናል፤ እኔም ደስ ይለኛል። ታዲያ የፓርላማ ወንበሩ የራሱ አልነበረም። እሱ የተመረጠባት የዌትኮም መራጮች በሙሉ የሎርድ ሃርግሬቭ ጭሰኞች ናቸው። ሎርዱ ያለው ሰው ይመረጣል፤ የተመረጠውም ሎርዱ ያለውን ያደርጋል። አለቀ።

በዚያ ሰሞን ትንንሽ ልጆችን ጭስ ማውጫ ውስጥ እየከተቱ ጥላሸት ማስጠረግ ይቅር የሚል ሕግ ቀረበ። ሎርዱ "ተቃወም" ብሎ ላከበት። ኦገስተስ ይህን ሲሰማ ራቱን ሳይነካ ተነሳ።

ድምፅ የሚሰጥ ዕለት እኔም ሄድኩ። ሴት አዳራሹ ስለማትገባ እኛ ከጣሪያው በላይ ወጥተን፣ የሻማው ሙቀት በሚወጣበት ቀዳዳ ዙሪያ አንገታችንን አስግገን ነው የምናየው። ዓይናችን በጭስ ሊጠፋ! እዚያ ቤት ድምፅ የሚሰጠው በእግር ነው። በዚያን ቀን ሕጉን የሚቃወሙት እንዲወጡ፣ የሚደግፉት እንዲቀመጡ ተባለ፤ ከዚያ በሩ ተዘግቶ ይቆጠራል። ተቃዋሚዎቹ ግር ብለው ሲወጡ የኔ ጉድ ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ቁጭ!

"ወይኔ፣ ተኝቷል!" አልኩ። "አንተ ሰውዬ፣ ተነስ እንጂ!"

አጠገቤ ያለችው ሴትዮ አፌን ያዘችኝ። በሩ ተዘጋ። ባሌም ከደጋፊዎቹ ጋር ተቆጠረ።

ቤት እስክንገባ ለቀቅኩበት። "እንቅልፋም! ሌላ ቀን አጥተህ ነው ዛሬ የምትተኛው? ወንበርህ ሄደ እኮ!"

እሱ ባርኔጣውን ሰቅሎ ወደ መኝታው ሄደ።

በማግስቱ ሎርዱ ራሱ መጣ። ከነጭቃው ምንጣፌ ላይ ቆሞ ይስቃል።

"ፔንፎልድ፣ ከተማው በሙሉ ስላንተ እንቅልፍ ነው የሚያወራው! ግድ የለም፣ በተኛ ሰው አልቆጣም። ተኝቼ ነበር በለኝ፣ ወንበሩ ያንተው ነው።"

"ተኝቶ ነው እንጂ ጌታዬ!" አልኩ ዘልዬ። "እሱ እኮ ቤተ ክርስቲያንም ይተኛል!"

ኦገስተስ አየኝ።

"የለም፣ ነቅቼ ነበር" አለ። "በሩ ሲዘጋ ሰምቻለሁ።"

የሎርዱ ሳቅ ድርግም አለ። "አስብበት። አለዚያ በሚመጣው ምርጫ ወንበሩ የወንድሜ ልጅ ነው።"

"አውቃለሁ ጌታዬ።" እንባው ዱብ ዱብ አለ። በሰው ፊት ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።

ሎርዱ ወደ እኔ ዞረ። "እመቤት ፔንፎልድ፣ እስቲ እርስዎ ይምከሩት።"

ውይ፣ ሆዴ እንዴት እንደባባ! ባሌን ያን ቀን የወደድኩትን ያህል የሠርጌ ዕለት እንኳን አልወደድኩትም።

"ሰምተውታል፣ ጌታዬ" አልኩ። አሽከሩንም አልጠራሁ፤ ሄጄ በሩን ራሴ ከፈትኩለት።