መግቢያው በክፍያ ነው

በዓመታዊው የአሮጌ ሳንቲሞች አውደ ርዕይ በር ላይ መግቢያ እንዲከፈል ያስወሰነው ነጋዴው ራሱ ነበር። «ሥራ ፈት ሁሉ ጠረጴዛዬን ከቦ ይውላል» ብሎ ቢሟገት፣ ሌሎቹ ነጋዴዎች ተስማሙለት። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነው።

ዛሬ የአንድ የድሮ ደንበኛው ሚስት መጣች። ባሏ ሞቷል፤ ዕድሜውን ሙሉ የሰበሰባቸውን ሳንቲሞች ሸጣ ልጇን ልታሳክም ነው።

«ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንዷን እንኳ አልሸጥልህም ብለው ስንት ዓመት አቃጠሉኝ» አላት እየሳቀ። «አይዞዎት እትዬ፣ ደህና ዋጋ ነው የምሰጥዎት።»

መሐረቧን ፈታች። ሳንቲሞቹ እንደ መስታወት አበሩ። የነጋዴው ሳቅ ከፊቱ ጠፋ። አጉሊ መነጽሩን አንስቶ ቢያይ፣ የዘመን ጥቁረታቸው ሙልጭ ብሎ ፊታቸው ሁሉ ተጫጭሯል።

«ማነው ያጠባቸው?»

«እኔ ነኛ! ሳምንት ሙሉ በአሸዋና በሎሚ ፈተግኳቸው፤ ጣቴ ተላጠ።»

«ምነው አስቀድመው ቢጠይቁኝ?»

«አምና መጥቼ ነበር እኮ። በረኞቹን ለመጠየቅ ብቻ ነው ብላቸው ካልከፈልሽ አትገቢም አሉኝ። የያዝኩት የታክሲ ብቻ ነበር፣ ተመለስኩ። የዘንድሮውን መግቢያ ከጎረቤት ተበድሬ ነው።»

የታጠበ ሳንቲምን ሰብሳቢ ዞር ብሎ አያየውም፤ ከእንግዲህ የሚያወጣው የብረቱን ዋጋ ብቻ ነው። ነጋዴው አንዷን ሳንቲም አገላብጦ አይቶ መሐረቡ ላይ መለሳት።

ሴትየዋ ይህን አይታ ወደ እሱ ጎንበስ አለች።

«ያልጠራ ካለ ንገረኝ ወንድሜ» አለችው በሹክሹክታ፣ «ደግሜ እፈትገዋለሁ።»