የባህሩዲን ባሊላ

«ነገ ከዙሁር ሰላት በኋላ የጭነት መኪናው ሲመጣ ጎትቶ ይወስዳታል» አለ ሰይድ፣ ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ። «ቦታው ለለቀስተኛ መቀመጫ ይሆነናል።»

ራዚያ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣ ሰማችው። የሚለው ስለ ባሊላዋ፣ ስለ አሮጌዋ መኪና ነው። ባለቤቷ ባህሩዲን ከተቀበረ ገና አንድ ቀን ነው፤ ለሱብሒ ውዱእ ሲያደርግ በዚያው ወድቆ ቀረ። ሰይድ ታላቅ ወንድሙ ነው፤ ይርጋጨፌ ሱቅ አለው። መርዶውን እንደሰማ ደርሶ ድንኳን ያስተከለውም፣ ቀባሪውን ያስተናገደውም እሱ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ያችን መኪና ሲያይ ግን ፊቱ ይጠቁራል።

ባሊላዋ ከግቢው ጥግ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆማለች። ጣሊያን ጥሏት የሄደች ትንሽ ፊያት ናት። ባህሩዲን ከዲላ ይርጋጨፌ ሰው ሲያመላልስባት ቆይቶ፣ አንድ ቀን አቆማትና ዳግመኛ መንገድ አላወጣትም። ከዚያ ወዲህ የሚተዳደረው በሌላ መኪና ነበር። ሥራ ውሎ ሲገባ ግን ልብሱን ቀይሮ ኮፈኗን ይከፍትና ያጎነብስባታል። ያረጀውን የሞተር ዕቃ እየፈታ፣ ድሮ በነበረው ልክና መልክ አስመስሎ ያሠራል፤ የባትሪውን መቀመጫ፣ በጨርቅ የተጠቀለለውን የመብራት ሽቦ፣ ሙቀት የሚከለክለውን ምንጣፍ ሳይቀር። የዲላ ሰው «ባህሩዲን ሁለተኛ አግብቷል፤ ስሟም ባሊላ ነው» እያለ ይቀልድበት ነበር። ራዚያም አብራ ትስቅ ነበር።

«እንኳን ትወሰድ» አለች አንዲት ሴት ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሰውዬውን የጨረሰችው እሷ ናት።»

ጎረቤቷ አሰገደች ሴትየዋን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። ራዚያ ያልሰማች መሰለች።

ከሰዓት በኋላ ፈለቀ መጣ። የራሱ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው፤ ከባህሩዲን ጋር ለዓመታት አንድ ኮፈን ሥር አጎንብሰዋል። የእንጨት ሣጥን ተሸክሟል። ወደ ድንኳኑ ሳይገባ ራዚያን በአሰገደች አስጠራት።

«እትዬ ራዚያ፣ እግዜር ያጽናዎት። ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከአስመራ ያዘዘው ዕቃ ዛሬ ጠዋት ደረሰ። የት ላስቀምጠው?»

«ክፈተው።»

ሁለት ጥቁር የውሃ ቱቦዎች ናቸው፤ ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የሚሄዱት። ጫፍና ጫፋቸው እንደ ክርን የታጠፈ ነው። አዲስ ጎማ ይሸታሉ። ራዚያ አንዱን አንስታ እጥፋቱን በጣቷ ተከተለችው። ይህን ቅርጽ ታውቀዋለች። ባለፈው ክረምት ባህሩዲን በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ከዋንዛ ሲጠርበው ነበር። ይሞርድና ሄዶ ሞተሩ ላይ ይለካዋል፤ ተመልሶ ደግሞ ይሞርዳል። ለአስመራው ሠራተኛ በልኩ እንዲያወጣለት የላከው ያንን እንጨት ነው።

«ቀጥ ያለ ቱቦ ገዝተህ አጥፈህ ብታስገባውስ?» ብላው ነበር፣ መታከቱ አሳዝኗት።

መሞረዱን አቆመ። «አጥፌ አስገብቼ ነበር እኮ» አላት። የትኛውን ቀን ማለቱ እንደሆነ ገባት።

ከዓመታት በፊት፣ የአረፋ ሰሞን ነበር። ዒዱን ሰይድ ቤት ሊያሳልፉ ይርጋጨፌ ሄደው፣ ልጃቸውን ሙሉካን ትኩሳት ጣላት። ገና ጥርሷን መንቀል የጀመረች ልጅ ነበረች። ዲላ ሐኪም ቤት ሊያደርሷት በዝናብ ተነሡ። ወናጎ ዳገት ላይ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣ። የድሮው ቱቦ አርጅቶ፣ የባሊላ ስላልተገኘ ባህሩዲን የጭነት መኪና ቱቦ ቆርጦ፣ በግድ አጥፎ አስገብቶ ነበር። የተሰነጠቀው እጥፋቱ ላይ ነው። ጥምጣሙን ፈትቶ አሰረው፤ ከወንዝ ውሃ ቀድቶ ሞላ፤ ውሃው በዚያው ወረደ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ የሚያልፍ መኪና አልነበረም። መኪናዋን እዚያው ትተው፣ ልጅቷን እየተቀባበሉ በእግራቸው ሄዱ። ዲላ መግቢያ ላይ ራዚያ ተቀብላ ስታቅፋት ሰውነቷ ቀዝቅዟል።

በማግስቱ የጭነት መኪናው መጥቶ በር ላይ ቆመ። ሾፌሩ ሰንሰለት ይዞ ሲገባ ራዚያ ከድንኳኑ ወጥታ ባሊላዋ ፊት ቆመች።

«ጋሼ ሰይድ፣ አትወሰድም።»

«ራዚያ፣ ሐዘን ላይ ነሽ፤ አሁን ክርክር አይሁንብን። ወንድሜ ዕድሜውን እዚህ ብረት ላይ ጨረሰ። እሷን እያየሽ እንዴት ትኖሪያለሽ?»

«ሙሉካ የሞተች ቀን የሆነውን ነግሮዎት ያውቃል?»

«መንገድ ላይ አረፈች አለኝ። ምን ብዬ እጠይቀዋለሁ?»

ነገረችው። ስለ ቱቦው፣ ስለ ጥምጣሙ፣ ስለ ጭቃው። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ሽጣት ሲሉት፣ ‹ሌላ ሰው ልጁን ጭኖ መንገድ ላይ እንዲቆም ነው?› ይል ነበር። ሳትስተካከል ከግቢ አትወጣም ብሏል። የቀሩት እነዚህ ሁለት ቱቦዎች ናቸው።»

ሰይድ ባሊላዋ አጠገብ የተቀመጠውን ሣጥን አየ።

«ሂድ አንተ» አለው ሾፌሩን። «ፈለቀን ጥሩልኝ።»

ፈለቀ መጥቶ ኮፈኑን ከፈተ። አሮጌዎቹን ቱቦዎች ነቀለ፤ የተያያዙበትን የብረት አፍ በቢላ ፍቆ፣ በሳሙና ውሃ አራሰው። የላይኛው ሳይገፋ ሰተት ብሎ ገባ። የታችኛው አስቸገረ። ማሰሪያው ወደ ሞተሩ ጀርባ ስለሚዞር የፈለቀ እጅ አልገባ አለ።

«ካቻቢቴውን ስጠኝ» አለች ራዚያ። እጅጌዋን ሰበሰበች። ባህሩዲንም ጠባብ ቦታ ሲገጥመው የሚጠራው እሷን ነበር። እጇን እስከ ክርኗ ሰድዳ፣ ጉንጯን ቀዝቃዛው ብረት ላይ አስደግፋ፣ በዳበሳ ቡሎኑን አገኘችው። እስኪጠብቅ አዞረችው።

ውሃውን ከበርሜል እየቀዳ የሞላው ሰይድ ነው። ፈለቀ ማኖቬላውን ደጋግሞ አዞረ። ባሊላዋ ሳለች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ተነሣች። ድንኳኑ ውስጥ ወሬው ተቋረጠ። ሞተሩ እስኪሞቅ ጠበቁ። ከዚያ ሰይድ ነጭ ጀለቢያውን ሰብስቦ መሬት ላይ ተንበረከከና ከሥር አየ።

«አያፈስም» አለ።

«አያፈስም» አለ ፈለቀም።

«ወናጎን ትወጣለች?»

«ትወጣለች፣ ጋሼ።»

ሰይድ ተነሥቶ ፊቱን ወደ ቤቱ ግድግዳ አዞረ።

«የሐዘን ጊዜዬ፣ ኢዳዬ እስኪያልቅ እኔ ከቤት አልወጣም» አለች ራዚያ ለፈለቀ። «አንተ ያዛት። ከገጠር ሕመምተኛ ሲኖር አምጣባት።»

«እሺ፣ እትዬ።»

«ጋሼስ ምን ይላሉ?» አለች ወደ ሰይድ ዞራ።

«ያልሽው ይሁን» አለ ሰይድ፣ ሳይዞር።

ፈለቀ ሞተሩን አጠፋ። ወዲያው አንዲት አሮጊት በር ላይ ደረሱ፤ መርዶውን ፍስሐ ገነት ከተማ ሆነው ዘግይተው የሰሙ የባህሩዲን አክስት ናቸው። እያለቀሱ መጥተው እጃቸውን ዘረጉ። ራዚያ መዳፏ በግራሶ ጠቁሯል። ጣቶቿን አጠፈችና የእጇን አንጓ ሰጠቻቸው። አሮጊቷ አንጓዋን ጨብጠው፣ ሳይለቁ ድንኳኑ ውስጥ አብረዋት ተቀመጡ።

አሰገደች ውሃና ሳሙና ይዛ መጣች።

«ለሰላት እታጠባለሁ» አለች ራዚያ። «አሁን ይቆየኝ።»

ነፃ የነበረውን እጇን ጉልበቷ ላይ አኖረች፤ የጠቆረውን መዳፍ ወደ ላይ አድርጋ።