ያልተማለው መሐላ

የሩም አረቄው ጠርሙስ በዶን ኡሊሴስ ጆሮ ግንድ ላይ ሲፈነዳ ሩሙና ደሙ አንድ ላይ ተረጨ። ሽማግሌው ዳኛ "እኩል ነው ብያለሁ፣ እኩል ነው!" እያለ ነበር የወደቀው። ያለፈው ግጥሚያ አቻ ወጥቷል ማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደሚመታ የለየ ሰው አልነበረም። ወንበር ተወረወረ። አንዱ የሌላውን ጣት ነከሰ። አንድ ጎረምሳ በቀበቶው ዘለበት የአጎቱን ልጅ ቅንድብ ተረተረው።

አናጢው አርሴኒዮ አጥሩን ተደግፎ በክርኑ እየተከላከለ ቆየ። ከሞካ ከተማ ዙሪያ እሁድ ከሰዓት ወደዚህ የዶሮ ውጊያ ሜዳ የሚመጣ ሰው ሁሉ ቢላውን በር ላይ ያስረክባል፤ ጡጫን ግን የሚረከብ የለም። ጉልበቱም ስድቡም ሲያልቅ የዶን ኡሊሴስን ራስ በሸሚዝ ጠቅልለው፣ ሞተር ብስክሌት ላይ በሁለት ሰው መሐል አጣብቀው ወደ ሐኪም ቤት አበረሩት።

ሞተሩ ከዓይን ከራቀ በኋላ ነው አንዱ "የሣጥኑ ቁልፍ ከወገቡ ጋር ሄደ!" ብሎ የጮኸው።

ሣጥኑ ከሜዳው ጠርዝ የቆመ፣ ለሁለት የተከፈለ የመስታወት ሣጥን ነው። ቀጣዮቹ ሁለት ተጋጣሚ ዶሮዎች ከተመዘኑና ሹል ጥፍር ከታሰረላቸው በኋላ፣ ሰው ሁሉ እያያቸው፣ እዚያ ውስጥ ይቆለፋሉ። ማንም እንዳይመርዛቸው፣ ማንም እንዳይነካቸው። ከዳኛው በቀር ቁልፉን የሚይዝ የለም። በዚህ አገር ሰው ቤቱን ሳይቆልፍ ያድራል፤ በዚያ ሣጥን ጉዳይ ግን ወንድም ወንድሙን አያምንም።

አሁን በግራው ክፍል የአርሴኒዮ ወሰራ አውራ፣ በቀኙ ደግሞ የአበልጁ የቶሪቢዮ ገብስማ ቆመዋል። በግርግሩ ከላዩ የነበረው የቆርቆሮ ጥላ ተገንጥሎ ስለወደቀ፣ የከሰዓት ፀሐይ በቀኙ መስታወት ቀጥ ብላ ገብታለች። ገብስማው ክንፎቹን ጥሎ፣ ምንቃሩን ከፍቶ ያለከልካል።

"ስበሩት!" አለ አንዱ ድንጋይ አንስቶ።

"እጅህን ሰብስብ!" ቶሪቢዮ ደረቱን ሰጥቶ መስታወቱን ከለለ። ከንፈሩ ተሰንጥቆ አገጩ ድረስ ደም ወርዷል። "ይሄ ሲረግፍ አንገቱን ነው የሚቀላው! ይልቅ አንድ ሰው ሞተሩን ይከተል!"

"ሄደዋል። ደርሶ መልሱ ግን አንድ ሰዓት ነው።"

"እስከዚያማ ወጥ ሆኖ ይቆያችኋል" አሉ የጥብስ ቂጣ ሻጯ ዶኛ ኤውፌሚያ።

"እርስዎ ደግሞ አፍዎን ከቂጣው ጋር ይጥበሱት!" አላቸው ቶሪቢዮ።

አርሴኒዮ ያንን መቆለፊያ ያውቀዋል። ርካሽ ነገር ነው፤ ውስጡ ያለችው አንዲት ጥርስ ናት፣ የታጠፈ ሽቦ ገብቶ ከተጫናት ትለቃለች። ከሦስት ዓመት በፊት ዶን ኡሊሴስ ቁልፉ ጠፍቶበት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሰው በሌለበት፣ ባዶውን ሣጥን ለምኖ አስከፍቶታል። "ከተሰማ የዚህ ሜዳ ነገር አበቃ" ብሎም አስምሎታል። እውነቱን ነበር። ሣጥኑን በሽቦ የሚከፍት ሰው ያሸነፈው ሁሉ እንደ ስርቆት ይቆጠርበታል። አርሴኒዮ ደግሞ ብዙ አሸንፏል፤ አምና እንኳ የቶሪቢዮን ቀይ አውራ በሁለት ደቂቃ አስገድሎበታል።

ዝም ቢልስ? የሱ ወሰራ በጥላው በኩል ነው። ገብስማው ይሞታል፣ እሱም ስሙን ይዞ ቤቱ ይገባል።

ገብስማው በጉልበቱ ወደቀ። ቶሪቢዮ መስታወቱን በመዳፉ እየጠፈጠፈ "ተነስ የኔ ጌታ፣ ተነስልኝ" ይለዋል። በሬ የሚያክል ሰው እንደ ሕፃን ድምፁ ሰለለ።

"ዶኛ ኤውፌሚያ፣ የፀጉር ሽቦዎን ይስጡኝ" አለ አርሴኒዮ።

"አሁን ነው መቆነጃጀት?"

"ይስጡኝ እናቴ።"

ሽቦውን በጥርሱ አቀና፣ ጫፉን አጠፈ፣ ተንበረከከ። አስር እንኳ ሳይቆጠር ቀጭ አለና ሁለቱንም ክፍል የሚዘጋው መስታወት ተንሸራተተ።

ቶሪቢዮ ገብስማውን መንጭቆ አወጣው። ውሃ በአፉ እየሞላ ጭንቅላቱ ላይ እፍ አለበት፣ ክንፎቹን ገልጦ እፍ አለበት፣ እስኪያነቃው ድረስ። ዶሮው አንገቱን ቀና ሲያደርግ ሰው ሁሉ በእልልታና በፉጨት አበደ። ከዚያ ጩኸቱ ቀስ እያለ ጎደለ።

"እንዴት ቀለለው?" አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

"የኔ ዶሮ ለፋሲካ ከዚህ ሣጥን ሰክሮ ነው የወጣው ብዬ አልነበር? ሳቃችሁብኝ!"

"የቶሪቢዮ ቀይ አውራስ?"

ቶሪቢዮ ገብስማውን ለሌላ ሰው አቀበለና ዞረ። ነገሩ ሲገባው ከፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። ቀርቦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"አበልጄ፣ የዛሬው የመጀመሪያህ ነው፣ አይደል?" አለው። "ክርስትና ባነሳሃት ልጄ፣ በያኒራ ማል። አንዴ ማልልኝ። ከዚያ የሚነካህ ካለ ከኔ ጋር ነው።"

የከበቧቸው ሰዎች ክብ እየጠበበ መጥቷል። ቀበቶው እንደገና ከወገብ ወጥቷል። አርሴኒዮ አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅበት።

"በሷ አልምልም።"

"ለምን?"

"ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያው ባዶውን ነበር፤ ዶን ኡሊሴስ ራሱ ለምኖኝ..."

"ራሱን የሳተ ምስክር!" ብሎ አንዱ ሳቀ።

የቶሪቢዮ ጡጫ አፉ ላይ አረፈ። አርሴኒዮ ሁለት ጥርሱ ምላሱ ላይ ሲንከባለል ተሰማው። ሲወድቅ ሌሎቹ ገቡበት፤ ዘለበቱ ጀርባውን ሸነተረው፣ አንድ ተረከዝ ጣቶቹን መሬት ላይ ፈጨ፣ የጎድን አጥንቱ በግራ በኩል እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ። በአንድ ዓይኑ ቶሪቢዮ እጁን ወደተከፈተው ሣጥን ሲሰድ አየ። ወሰራው ያሳደገው ሰው እጅ ስለመሰለው አልተራገጠም። ቶሪቢዮ አንገቱን አንድ ጊዜ ጠመዘዘና ጌታው ደረት ላይ ወረወረው። ክንፎቹ ለጥቂት ጊዜ የአርሴኒዮን ፊት መቱ፣ ከዚያ ቆሙ።

"ይሄ የቀዩ ነው!"

ሌሎቹ ደክሟቸው ሲያፈገፍጉ ቶሪቢዮ አልተወም። ሆዱን ይረግጠዋል፣ ቆም ብሎ በክንዱ ዓይኑን ይጠርጋል፣ ደግሞ ይረግጠዋል።

"ማል አልኩህ እኮ! ብትዋሽስ ምን ነበረበት? አንተ ደረቅ፣ ማል አልኩህ!"