የሰለጠነ መርዶ

የስልክ መልእክቱ የደረሳት የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ቆማ ለአንድ ሽማግሌ የደም ግፊት ክኒን አወሳሰድ ስታስረዳ ነው። የላከው ባሏ ማንያዘዋል ነበር። «የትናየት፣ ወንድምሽ አዳሙ ዛሬ ጠዋት ዛሪማ ላይ አርፏል። ድንገተኛ ሕመም ነው። ጠንካራ ሁኚ። ከንግግሬ በኋላ እንገናኝ።» ከሥሩ የተጋጠሙ የሁለት መዳፎች ሥዕል አለ።

ሥዕል! ወንድሟ ሞቶ ሥዕል ላከላት።

«ከምግብ በፊት ነው ያልሽኝ?» አሉ ሽማግሌው።

«በኋላ» አለች። ድምጿ የራሷ አልመሰላትም። ክኒኑን ሰጠቻቸውና ነጭ ጋዋኗን አውልቃ ወጣች። ከሆስፒታሉ በር ስትደርስ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ደግፎ የሚይዛት ሰው አልነበረም፤ በፊቷ የሚያልፈው ሁሉ የየራሱን በሽተኛ ይዞ ይጣደፋል።

በአገሩ ወግ መርዶ እንዲህ አይነገርም። መጀመሪያ ጎረቤት በዝምታ ይጠራራል፤ የሚናገር ሽማግሌ ይመረጣል፤ በማለዳ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ በር ይንኳኳል። ክፉው ቃል ከአፍ ሳይወጣ የሐዘንተኛው ግራና ቀኝ በሰው ተይዟል። ቢወድቅ የሚያነሳው፣ ራሱን ልምታ ቢል እጁን የሚይዘው አለ። ማንያዘዋል ይህን አሳምሮ ያውቃል። ያውቃልና ይጠላዋል። ተማሪ ሳለ የእናቱን ሞት ፈተና እስኪጨርስ ደብቀውት ቀብሯ አምልጦታል። ከዚያ ወዲህ መርዶ የሚባል ነገር ጠላቱ ሆነ። ኮሌጅ ሲያስተምርም፣ ቤት ማዕድ ላይ ሲቀርብም የአፉ ማሟሻ ይኸው ነው፤ መርዶ ኋላቀርነት፣ ደረት መምታት ባላገርነት፣ እውነትን ቀጥታ መናገር ስልጣኔ። ዛሬም ፒያሳ፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ «ስልጣኔ ምንድን ነው?» በሚል ርዕስ ሊናገር ክራቫቱን አስሮ ነው የወጣው።

ደወለችለት።

«ምነው ማንያዘዋል? በጽሑፍ?»

«ቶሎ እንድታውቂ ብዬ ነው። ቀብሩ ነገ ነው፤ በማለዳ ከተነሳችሁ ትደርሳላችሁ። እንደ እኔ እንዲያመልጥሽ ትፈልጊያለሽ?»

«መምጣት አቃተህ? ባጃጅ ይዘህ መምጣት አቃተህ?»

«ሰዉ አዳራሽ ገብቷል እኮ! ደግሞ አንቺ የተማርሽ ሴት ነሽ።»

«በል ለእናቴ እንዳትነግራት። ሰው ሰብስቤ እኔው…»

«ለእማማ ቀደም ብዬ ደውዬላቸዋለሁ» አለ። «በጣም በእርጋታ ነው የሰሙኝ። እሺ ልጄ ብለው ዘጉት።»

በእርጋታ! ደሟ ፈላ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

እማማ አገኘሁሽ ጉልበታቸውን ሊታከሙ ከዛሪማ መጥተው እነሱ ዘንድ የሰነበቱ ናቸው። በዚህ ሰዓት ቤት ውስጥ ብቻቸውን እንደሆኑ ማንያዘዋል አያጣውም። አዳሙ ደግሞ የመጨረሻ ልጃቸው ነው። የትናየት ባጃጁ ውስጥ ሆና የምታየው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቷ ማድ ቤት መሬት ላይ ወድቀው፣ አጠገባቸው ማንም ሳይኖር። «ቶሎ በልልኝ ወንድሜ፣ ቶሎ» ትላለች ሾፌሩን። ለራሷ ማልቀስ እንኳ ትዝ አላላትም።

ብቻዋን ልትገባ አልደፈረችም። ሰው ይዛ ልትገባ ወደ እድሩ ዳኛ ወደ አያ ወልደኢየሱስ ቤት ሮጠች፤ ተዘግቷል። የጎረቤቷን የእትዬ የዓለምወርቅን በር መታች፤ ማንም የለም። ምነው፣ የሰው ያለህ በሚባልበት ቀን ሰፈሩ ሁሉ የት ገባ? ተናዳ፣ ተስፋ ቆርጣ ወደ ቤቷ ገባች።

ሰፈሩ ሁሉ እዚያ ነበር። ሳሎኑ ሞልቷል፤ የሚያለቅስ ግን የለም። እናቷ ፊታቸውን ታጥበው መሐል ተቀምጠዋል፤ የታች ከንፈራቸው በጥርስ ተነክሶ አብጧል። አጠገባቸው ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ለቅቀዋል።

«ነይ ልጄ፣ እዚህ ተቀመጪ» አሏት።

ተቀመጠች። ሁለት ሴቶች መጥተው ከኋላዋ ቆሙ፤ እትዬ የዓለምወርቅ እጇን ያዘቻት። አያ ወልደኢየሱስ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሱ። «እንግዲህ የትናየት፣ አንቺ ሸጋ ልጅ ነሽ። የሰው ልጅ ሁሉ መንገደኛ ነው…»

ያን ጊዜ ገባት። ይህ ሁሉ ሰው የተሰበሰበው ለእሷ ነው። እናቷ የልጃቸውን ሞት ከስልክ ሰምተው፣ ልቅሷቸውን ውጠው፣ በዚያ ጉልበታቸው በየደጁ እየዞሩ «ልጄ ብቻዋን ሳትሰማ ድረሱልኝ» ሲሉ ነው የዋሉት።

«እማ» አለች፤ «ሰምቻለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«እሱ።»

«አንቺንም?» አሉ እማማ አገኘሁሽ። ከዚያ በኋላ ይዘውት የዋሉት ሁሉ ወጣ። አዳሙን በስሙ ተጣሩ፤ ቤቱ አብሯቸው ተነሳ።

ማንያዘዋል የመጣው አመሻሹ ላይ ነው። አያ ወልደኢየሱስ ተነስተው «እግዜር ያጥናችሁ» ብለው ቦታ ሰጡት። እሱ ግን ወደ ሚስቱ ጎንበስ ብሎ «ይህ ሁሉ ሰው ምንድን ነው? እማማ እኮ ተረጋግተው ነበር» አላት።

የትናየት እንደ እሱ አላንሾካሾከችም።

«ተረጋግተው? እኔ ብቻዬን እንዳልሰማ ከንፈሯን በልታ ነው የዋለችው! አንተ ያን ጊዜ አዳራሽ ቆመህ ስለ ስልጣኔ ታወራለህ። ሳትደብቅ መንገርህን አልጠላሁም፤ ነገርከን፣ ደግ አደረግህ። ግን አጠገባችን ሳትቀመጥ ነው የነገርከን። እኛ ከአንድ ንግግር አንሰን! በል እስቲ፣ ኋላቀር የምትለው ሰው የትኛው እንደሆነ ከዚህ ሁሉ ሰው መሐል ጠቁመህ አሳየኝ።»

ለማብረድ የሞከረ ሰው አልነበረም። ማንያዘዋል ክራቫቱን አላላ። «እናቴ ስትሞት እኮ…» ብሎ ጀመረ።

«አውቃለሁ» አለችው። «የማይገባኝም ለዚያ ነው።»

በማግስቱ ማለዳ ጎረቤቱ ገንዘብ አዋጥቶ የተከራየው ሚኒባስ ከደጃፉ ቆመ። ማንያዘዋል ማንም ሳይጠራው ጋቢ ደርቦ መጣና የሚኒባሱ በር ላይ ቆመ። እማማ አገኘሁሽ ከመቀመጫቸው ሆነው አዩት፤ ያመማቸውን ጉልበት በእጃቸው አንስተው ጠጋ አሉለት።

«ግባ ልጄ፣ ብርድ ነው» አሉት።

የትናየት ከእናቷ ወዲያ ተቀምጣለች። እሱ በደንብ እንዲቀመጥ እሷም መጠጋት ነበረባት። አልተጠጋችም።